ጠባሳው ድኗል፣ ስሜቱ ግን አልተመለሰም

«ሰላም እትዬ፣

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 32 ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ ገና አልወለድኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጡቴ በጣም ትልቅ ነበር። የጡት መያዣው ማሰሪያ ትከሻዬ ላይ ቦይ አውጥቷል። ጀርባዬን ያመኝ ነበር፤ በሙቀት ጊዜ ከጡቴ ስር ይቆስል ነበር። ባለፈው ነሐሴ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ተቀነሰልኝ። ከግራ 950፣ ከቀኝ 900 ግራም ገደማ እንደወጣ ነግረውኛል። ጀርባዬ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ችግሬ ሌላ ነው። ቀኙ ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል፤ የግራው የጡት ጫፍ ግን ድንዝዝ እንዳለ ነው። አምስት ወር ሆነው። የአክስቴ ልጅ ከእኔ ቀደም ብላ ሌላ ቦታ ተሠርታ ነበር። የእሷ ጠባሳ ከጫፉ ወደ ታች አንድ መስመር ብቻ ነው። የእኔ ከጡቴ ስርም ዞሮ ተሰፍቷል። እሷ በስድስት ሳምንቷ ስሜቷ ተመለሰ። ‹አንቺን በድሮ ዘዴ ነው የሠሩሽ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ባለቤቴ ያማታል ብሎ ይፈራል። እኔ ደግሞ ምንም እንደማይሰማኝ አልነገርኩትም። ዶክተሩን መጠየቅም አፈርኩ። ‹ጀርባሽ ዳነ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ› የሚለኝ ይመስለኛል።

ባለፈው እሁድ ቡና ሳፈላ ከሰል ተፈናጥሮ ደረቴ ላይ አረፈ። የነገረኝ የነጠላዬ ሽታ ነው። ዝቅ ብዬ ሳይ ጡቴ ላይ ምስር የምታክል ውሃ የቋጠረች ነገር አለች። ጭራሽ አልተሰማኝም። ያኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ስሜቴ ይመለሳል? ወይስ በተሳሳተ ዘዴ ነው የተሠራሁት?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ነገር ጠይቀሽኛል። እኔ ግን ከከሰሉ ልጀምር፤ እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ውሃ የቋጠረችውን አታፍርጫት። ፈርጣ ከሆነ በንጹህ ውሃና በሳሙና ቀስ ብለሽ እጠቢና በንጹህ ፋሻ ሸፍኚ። ዙሪያው እየቀላ ከሄደ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እስኪያመኝ ልጠብቅ አትበይ። ሕመም ዘበኛ ነው፤ የአንቺ ዘበኛ ደግሞ ለጊዜው ሥራ ላይ የለም። እስኪመለስ ድረስ የእሱን ሥራ ዓይንሽና እጅሽ ይሥሩ።

እናንተ ጋ ሜዳ ነው፤ የጥር ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ አውቃለሁ። ብዙ ሰው የፈላ ውሃ በኮዳ ሞልቶ አቅፎ ይተኛል። አንቺ እግርሽ ስር አድርጊው እንጂ ደረትሽ ጋ አታስጠጊው። በደነዘዘ ጡት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አድረው በጠዋቱ የተቃጠለ ቆዳ ያገኙ ሴቶች አሉ። በረዶም እንዲሁ ነው፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም። ገላሽን ስትታጠቢ የውሃውን ሙቀት በክንድሽ ለኪ። ቡና ስታፈዪ ደግሞ በነጠላ ብቻ አትቀመጪ፤ ወፈር ያለ ከጥጥ የተሠራ ነገር ደረትሽ ላይ ደርቢ። ከሰሉ መንጣጣቱን ሲጨርስ ነው ወደ ምድጃው የምትጠጊው። ማታ ስትተኚ ጡትሽን በመስታወት እዪ፤ ከስሩም ጭምር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ማፈርሽ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ» የሚለውን ዶክተሩ አላለሽም። አንቺ ነሽ በልብሽ ያስባልሽው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። እዚህ ዓምድ ላይ ከመጻፌ በፊት ለዓመታት ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ሁለተኛ ልጄን በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ከስፌቱ በላይ ያለው መዳፍ የሚያህል ቦታ ለወራት የሌላ ሰው ቆዳ ይመስለኝ ነበር። ሳሙና ሳስነካው እጄ ሆዴን ያውቀዋል፤ ሆዴ ግን እጄን አያውቀውም። ለሌሎች ሴቶች ስፌታቸውን እያየሁ «ይሰማሻል?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ለራሴ ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ ደህና ናት፣ እኔም ተርፌያለሁ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ዛሬም ይቆጨኛል። ዓመት ገደማ ሲሆነው አብዛኛው ተመለሰ። ጠርዙ ላይ ጣት የምታክል ቦታ ግን እስከ ዛሬ እንደደነዘዘች ናት።

የራስሽን አካል ስሜት መፈለግ ቅብጠት አይደለም። ሐኪም ሊጠየቅ የሚገባው የሕክምና ጥያቄ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የጡት ጫፍ ስሜት የሚያገኘው በጎድን አጥንቶች መሃል ከሚያልፉ ነርቮች ነው። በዋናነት ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ናቸው፤ ከሁሉም ስሙ የሚነሣው አራተኛው ነው። እነዚህ ነርቮች በሁለት በኩል ይደርሳሉ። አንደኞቹ ከብብት በታች ባለው ጎን ይወጣሉ። በጥልቀት፣ የደረቱን ጡንቻ ተከትለው ይሄዱና ከጫፉ ጀርባ ሲደርሱ በጡቱ ውስጥ አልፈው ወደ ጫፉ ይወጣሉ። ሁለተኞቹ ከደረት አጥንት አጠገብ ይነሡና ከቆዳው ስር፣ ከላይ ከላይ ይመጣሉ።

አዲስ በሚሠራ ሰፈር ውስጥ መብራት እንዴት እንደሚገባ አስቢ። አንዱ መስመር መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል። ሌላው ምሰሶ ለምሰሶ ተዘርግቶ በጣሪያ በኩል ይገባል። ለመንገድ ወይም ለውሃ ቧንቧ ሲቆፈር የተቀበረው ይቆረጣል፤ የምሰሶው ይተርፋል። መኪና ምሰሶውን ከገጨ ደግሞ የተቀበረው ይተርፋል። የጡት መቀነሻ ዘዴዎችም ስሜትን በተመለከተ የሚለያዩት በዚህ ነው። ጥያቄው ቁፋሮው በየት በኩል ገባ የሚል ነው።

ሐኪሙ ጡቱን ሲቀንስ ጫፉን ብቻውን አያስቀረውም። ደምና ስሜት የሚያመጣለት የሥጋ ድልድይ ይተውለታል። ፔዲክል ይሉታል። ይህንን ቃል ያዢልኝ፤ ቀጠሮሽ ላይ ይጠቅምሻል።

ድልድዩ ከታች ከሆነ ካርድሽ ላይ ኢንፌሪየር ፔዲክል ይላል። ጫፉ ከጀርባው ካለው የደረት ግድግዳ ጋር እንደተያያዘ ስለሚቀር፣ ያ በጥልቀት የሚመጣው ነርቭ የመትረፍ ዕድል አለው። ድልድዩ ከላይ ከሆነ ሱፒሪየር ይባላል። እዚህ ላይ የሚወጣው ሥጋ ከታችና ከጫፉ ጀርባ ነው፤ ጥልቁ ነርቭ የሚያልፈውም እዚያው ነው። ስለዚህ በዚህ ዘዴ ድንዛዜው ጠንከር ሊል ይችላል፤ በተለይ ብዙ ሥጋ ሲወጣ። ሱፐሮሚዲያል የሚባለው ደግሞ ከላይ ሆኖ ወደ ደረት አጥንቱ ያዘነበለ ነው። ከመሃል በኩል የሚመጡትን ነርቮች ይዞ ይቀራል። በዚህም ዘዴ ስሜታቸው ጥሩ ሆኖ የሚመለስላቸው ሴቶች ብዙ ናቸው።

የመጨረሻው ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ጡቱ እጅግ ሲከብድ፣ ወይም ድልድዩ በጣም ረዝሞ ደም ላይደርስ ይችላል ተብሎ ሲፈራ፣ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ይነሣና እንደ ቆዳ ተመልሶ ይተከላል። ፍሪ ኒፕል ግራፍት ይባላል። ማክስ ቶሬክ የተባለ የቺካጎ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1922 ያስተዋወቀው ነው። እዚህ ላይ ነርቮቹ ሁሉ ይቆረጣሉ። ቀስ በቀስ ከስሩና ከዙሪያው ቆዳ የተወሰነ ስሜት ይገባል፤ የቀድሞው ዓይነት ስሜት ግን አይጠበቅም። በዚህ ዘዴ የተሠራች ሴት ይህንን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ማወቅ ነበረባት። አንቺ ስለ መትከል የነገረሽ ሰው እንደሌለ ከደብዳቤሽ ይገባኛል፤ ቢሆንም አፍ አውጥተሽ ጠይቂ።

እንግዲህ የአክስትሽን ልጅ ነገር እንይ። እሷ ያየችው ጠባሳውን ነው። ጠባሳው ደግሞ ድልድዩ በየት በኩል እንደቀረ አይናገርም። ከስር ዞሮ የሚሰፋው፣ መልህቅ የሚመስለው ስፌት የሚከተለው ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1956 ሮበርት ዋይዝ ከጡት መያዣ ስፌት ተነሥቶ ያወጣው ነው። ንድፉ የሚወስነው ቆዳው እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚገጠም ነው። በዚያው ስፌት ውስጥ የታችኛው ፔዲክል ሊኖር ይችላል፤ ሱፐሮሚዲያልም ሊኖር ይችላል። ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ጠባሳ ይዘው ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

«የድሮ ዘዴ» የሚለውም ልክ አይደለም። የእሷን ቀጥ ያለ ጠባሳ ፈረንሳዊው ክሎድ ላሱስ እ.ኤ.አ. በ1970 ጽፎበታል። ቤልጅየማዊቷ ማዴሊን ሌዡር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሳወቀችው። የታችኛው ፔዲክል ደግሞ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በዕድሜ ከሆነ የእሷም ያረጀ ነው። የመልህቁ ስፌት ዛሬም ድረስ በየአገሩ ይሠራበታል፤ በተለይ ብዙ ሥጋና ብዙ ቆዳ በሚወጣበት ጊዜ። ከአንቺ ከሁለቱም ጡት ተደምሮ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከእሷስ ስንት ወጣ? ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ብዙ በወጣ ቁጥር ነርቭ የመነካት ዕድሉ ይጨምራል። ከዚያም ሌላ፣ ትልቅ ጡት ቀድሞውኑ ስሜቱ ቀነስ ያለ ነው፤ ክብደቱ ቆዳውንና ነርቩን ለዓመታት ሲስበው ስለሚኖር። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስሜታቸው ከበፊቱ የተሻለላቸው ሴቶች ያሉትም ለዚህ ነው፤ ሸክሙ ወረደላቸው። አንቺም ከነሐሴ በፊት የግራው ምን ያህል ይሰማሽ እንደነበር መለስ ብለሽ አስቢ።

ደግሞም ማስረጃው ራስሽ ላይ አለ። ቀኙና ግራው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐኪም እጅ ነው የተሠሩት። ዘዴውም አንድ ሳይሆን አይቀርም። ቀኙ እየተመለሰ ነው። እንግዲያው የግራው መዘግየት «ዘዴው የተሳሳተ ስለሆነ ነው» ሊባል አይችልም። የሁለት ጡት ነርቮች አንድ ዓይነት አካሄድ የላቸውም፤ ከግራውም ትንሽ በዛ ያለ ሥጋ ወጥቷል። ባንድ በኩል ቀድሞ መመለስ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው።

ታዲያ ይመለሳል ወይ? ይህን ለመመለስ ነርቩ ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ነርቭ ሲጎተት ወይም በእብጠት ሲጨነቅ ለጊዜው ዝም ይላል እንጂ አልሞተም። እብጠቱ ሲወርድ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይነቃል። የአክስትሽ ልጅ በስድስት ሳምንቷ የተመለሰላት እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ነርቭ ከተቆረጠ ግን ከተቆረጠበት ቦታ ተነሥቶ እንደገና ማደግ አለበት። የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በወር ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ያውም ወዲያው አይጀምርም፣ ቀጥ ብሎም አይሄድም፤ በጠባሳ መሃል መንገድ እየፈለገ ነው። ከጎንሽ እስከ ጫፉ ያለውን ርቀት በስንዝርሽ ለኪና አስቢው። ለዚህ ነው አምስት ወር ሐኪሞች ተስፋ የሚቆርጡበት ጊዜ ያልሆነው። አብዛኛው ለውጥ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይታያል፤ ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ የሚሻሻልላቸው አሉ። ጫፉ ከድልድዩ ጋር ከቀረ፣ በአብዛኛዎቹ ሴቶች ስሜቱ ይመለሳል። እንደ በፊቱ ሙሉ ላይሆን ይችላል። የማይመለስላቸውም አሉ፤ ጥቂት ይሁኑ እንጂ አሉ። ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ስሜት ሲመለስ ደስ ብሎት አይመጣም። ይህንን ማንም አስቀድሞ ስለማይነግራቸው ብዙ ሴቶች ይደነግጣሉ። መጀመሪያ ያሳክካል፤ ስታኪው ደግሞ ማሳከኩ እዚያ ቦታ ላይ አይገኝም። ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል። ድንገት እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር ያደርጋል፤ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሊያስጮህሽ ይችላል። አንዳንዴ የጡት መያዣ ሲነካው እንኳ ያቃጥላል። እነዚህ ባብዛኛው ነርቩ እየነቃ መሆኑን ነው የሚናገሩት። ግራሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጀምሮሽ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። አስተውዪው።

አንድ ነገር እንድትሠሪ እፈልጋለሁ። ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሳዪ፣ ግራና ቀኝ። ከፋርማሲ የተገዛ ጥጥ ያዢ። ጋደም በዪና ዓይንሽን ጨፍኚ። ባለቤትሽ ወይም የምታምኛት እህትሽ በጥጡ ጫፍ እዚህም እዚያም ትንካሽ፤ የምትነካበትን ሰዓት አትንገርሽ። ሲሰማሽ «አሁን» በዪ። የተሰማሽበት ቦታ ላይ ነጥብ፣ ያልተሰማሽበት ላይ ባዶ ክብ ይደረግ። ከዚያ በእስክሪብቶ ክዳን፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ማንኪያ ሞክሩ። በትኩስ ነገር በፍጹም! ቀን ጻፉበት። በወር አንዴ ይበቃል፤ በየቀኑ የሚለካ ሰው ለውጡን አያየውም። ሌላም አለ። ከጎንሽ ጀምረሽ ወደ ጫፉ በጣትሽ ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊ። ንዝረቱ ወደ ጫፉ የሚሮጥ ከመሰለሽ ነርቩ እያደገ የመሆኑ ምልክት ነው።

ይህ የቤት ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም ለሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በሥጋ ደዌ ሕክምና የሕሙማኑ እጅና እግር ስሜት የሚለካው በናይሎን ክር ነው። ክሮቹ ውፍረታቸው ይለያያል፤ እጥፍ እስኪል ሲጫን የተሰማሽ ክር ስሜትሽ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ይናገራል። በዓለም ላይ የጡት ስሜትን ያጠኑ ሐኪሞችም የተጠቀሙት በዚሁ ዓይነት ክር ነው። የአንቺ ጥጥ የዚያ ታናሽ እህት ናት።

ስሜቱን ለማንቃት ምን ይደረግ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ስፌቱ ሙሉ በሙሉ ስለዳነ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆዳውን ዳብሺው። መጀመሪያ በነጠላ ጫፍ፣ ሲለመድ በጋቢ፣ ከዚያ በፎጣ። እያየሽው፣ ልብሽንም እዚያው አድርገሽ። የእጅ ነርቭ ለተጎዳበት ሰው ፊዚዮቴራፒስቶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የተቆረጠ ነርቭ አያፈጥንም፤ ነገር ግን አእምሮ የሚመጣለትን መልእክት እንዲለይ ያግዘዋል። ሲያቃጥልሽና ሲቆጣሽም ያለዝበዋል። ጠባሳውን በቫዝሊን ክብ ክብ እያደረግሽ እሺው። እየወፈረና እየከበደ የሚሄድ ከሆነ ኬሎይድ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዪው፤ እኛ ቆዳ ላይ ይበዛል።

ሰፈር ውስጥ ምክር የሚሰጥሽ ሰው አይጠፋም። ፌጦ ፈጭተሽ አድርጊበት ካሉሽ እምቢ በዪ። ፌጦ ጤነኛ ቆዳን እንኳ ያቃጥላል፤ አንቺ ደግሞ ሲያቃጥልሽ አይሰማሽም። የነርቭ ቫይታሚን ውሰጂ የሚልሽም አለ። ቢ12 ያጠራት ሴት ብትወስደው ይጠቅማታል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ስለሆነ ጾም ሁሉ የምትጾሚ ከሆነ ተመርመሪ። ያላጠራት ሴት ላይ ግን የተቆረጠ ነርቭ አይቀጥልም። ከሁሉ የሚገርመው፣ ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ወራት ሙሉ አትውጪ። ስኳር ካለብሽ ተቆጣጠሪው፤ ሲጋራና ሺሻ ካለ ይቅር። ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ተሸክመሽ አራት ፎቅ መውጣቱን አሁን ብትችዪውም፣ ጡትሽ ላይ አስደግፈሽ አትያዢው።

ባለቤትሽን በተመለከተ ረዘም ላለ ጊዜ አሰብኩ። እሱ እንዳያምሽ ይፈራል። አንቺ እንዳይከፋው ትደብቂያለሽ። ሁለታችሁም እየተዋደዳችሁ በአንድ አልጋ ላይ ትጠባበቃላችሁ። ንገሪው። ቀኑን አትምረጪ፣ ንግግርም አታዘጋጂ። «ስትነካኝ አያመኝም። የግራው ገና አይሰማኝም፣ ለዚያ ነው ዝም የምለው። የሚሰማኝን ቦታ ላሳይህ» በዪው። ከዚያ እጁን ይዘሽ አሳዪው፤ ቀኙን፣ አንገትሽን፣ ከጡትሽ በላይ ያለውን ቆዳ። ያ የጥጥ ልኬት ለዚህም ይረዳችኋል፤ የሚፈራው ሰው ሥራ ያገኛል። የሚሰማሽ መስለሽ ግን አትቆዪ። ስሜቱ በእውነት የተመለሰ ቀን ምን ልትዪው ነው?

ልጅ መውለድ ከፈለጋችሁ ማጥባት ላይም ፔዲክሉ ድርሻ አለው። ከጫፉ ጀርባ ያለው ሥጋና የወተት ቧንቧ ከቀረ ማጥባት ይቻላል፤ ወተቱ ላይበቃ ይችላል እንጂ። ሕፃኑ ሲጠባ ወተት እንዲወርድ ለአእምሮ የሚናገረውም ያው ነርቭ ነው። ይህንንም ለሐኪሙ አንሺለት፤ መቼ ማርገዝ እንደሚሻልም እሱ ይንገርሽ።

ሐኪም ጋ የምትሄጂው ቀጠሮሽን ጠብቀሽ ነው። ነገር ግን ጫፉ ከጠቆረ ወይም ከቆሰለ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ጡቱ በድንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘሽ ወይም አዲስ እብጠት በእጅሽ ካገኘሽ በዚያው ቀን ሂጂ። ማቃጠሉና ንዝረቱ ከመርገብ ይልቅ እየባሰ እንቅልፍ ከነሳሽም አትቻዪው፤ ለነርቭ ሕመም የሚሆን መድኃኒት አለ።

ከኮዬ መሃል ከተማ ድረስ ሁለት ታክሲ ይዘሽ፣ ተሰልፈሽ ውለሽ፣ ሐኪሙ ፊት አምስት ደቂቃ ነው የምታገኚው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግቢ። የኔ ፔዲክል የትኛው ነው? ጫፉ ተነሥቶ ነው የተተከለው ወይስ ከድልድዩ ጋር ነው የቀረው? የግራው ላይ የተለየ ነገር አጋጥሞ ነበር? የወጣው ሥጋ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ ተልኮ ነበር? ውጤቱስ? ይህ የመጨረሻው ስለ ስሜት አይደለም፤ ግን ከጡት የወጣ ሥጋ ሊመረመር ይገባል፤ ብዙ ሴት ውጤቱን ሳትጠይቅ ትቀራለች። የኦፕራሲዮን ማስታወሻሽን ኮፒም ጠይቂ፤ ስለ ሰውነትሽ የተጻፈ ነው። ሐኪምሽ ጊዜ ካልሰጠሽ ሌላ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ማማከር ነውር የለውም። የካቲት 12 ሆስፒታልም አለርትም የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ክፍል አላቸው።

የመጀመሪያውን የጥጥ ልኬት ካርታ ይህን ሳምንት ሥሪ፤ ቃጠሎዋ ያለችበትን ቦታ ሳትነኩ። ሁለተኛውን የካቲት መጨረሻ፣ ሦስተኛውን መጋቢት መጨረሻ። ሦስቱን ይዘሽ ቀጠሮሽ ላይ ግቢ። ከዚያ ፔዲክሉ የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ፤ የግራው ክብ ላይ ስንት ነጥብ እንደወጣም።